አማችሽ የሚይዘው ጃንጥላ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለጂቱ፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ የእህል ፍላጎትሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ በዚያ አገር ሙቀት ላላ አለልሽ ወይስ እንደ ጊንጪው ብርድ ጠዋት ጠዋት ይይዝሻል? ልጃችን ቢሊሴስ እንዴት ናት? ትንሹ ሮብሳን ጥርስ አወጣ? አንቺን ከሌላው ሰው መለየት ጀመረ? ነጋ ጂርታ እያልኩ በእናታችንም ቋንቋ እጠይቅሻለሁ፤ በአንዱ ብቻ ስጠይቅሽ ግማሹን የምትደብቂኝ ይመስለኛል። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። መነጽሬን ከለወጥኩ ወዲህ ክር በመርፌ አስገባለሁ። እግሬም እስከ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ይመልሰኛል፤ ከዚያ በላይ አልጠይቀውም።

ስልክ እያለ በደብዳቤ የመጣሁብሽ በምክንያት ነው። እናንተ ቤት ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ የምንለውን ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማዋል። አንቺም ታፍሪና "ሁሉም ደኅና ነው" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌዋለሁ፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤቴ ሃዋኒ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ በቢሊሴ ስልክ ትልክልሻለች። ቢሊሴ እንድታነብልሽ ግን አልፈልግም። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና ጽሕፈትሽ አይነበብም አትበዪኝ።

አስቀድሜ የአገሩን ወሬ ልንገርሽ፤ ሳትሰሚው ሌላውን ልብ ብለሽ እንደማታነቢ አውቃለሁ። ሐምሌ እንደምታውቂው ነው። ሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ከድልድዩ ሥር ቀይ ሆኖ ያገሳል፣ የመንገዱ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ባለፈው ቅዳሜ ጊንጪ ሄጄ ቤትሽን አየሁት፤ ጣሪያው አያፈስም። ቀጀላ መሬትሽን ደጋግሞ አርሶ ለጤፉ አለስልሶታል። ላምሽ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ስም ያላወጣላት ባለቤቷ ስትመጣ ታውጣላት ብሎ ነው። እኔ አንቺ ባለሽበት አገር ስም "ኮሪያ እንበላት?" ብለው፣ "እትዬ፣ ላም እንዲህ የሩቅ ስም ከተሰጣት አጥር መዝለል ትለምዳለች" አለኝ። ስለዚህ ጥጃዋ ያለ ስም እየጠበቀችሽ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ባለፈው እሑድ ቢሊሴ ብቻዋን ሆና ደወለችልኝ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። "አክስቴ፣ እማዬ ባለቤቴን አልወደደችውም" አለችና አለቀሰች። እስክትረጋጋ ጠብቄ ምን አይታ እንዲህ እንዳለች ጠየቅኋት። እሱ ገበታ ላይ ሲቀመጥ ሳህንሽን ይዘሽ ወደ ማድ ቤት እንደምትሄጂ ነገረችኝ። ሲገባ ነጠላሽን ወደ ግንባርሽ ስበሽ ትነሻለሽ፤ እስኪያልፍም አትቀመጪም። ለጉልበትሽ ይመቻል ብሎ የገዛልሽን ጫማ በሁለት እጅሽ ተቀበልሽ፣ ዓይንሽን ግን ከወለሉ አላነሣሽም። ስሙን አንድ ቀን ጠርተሽ አታውቂም። የምትፈልጊው ነገር ሲኖር ወደ ሕፃኑ ዞር ትዪና "ሮብሳን፣ አባትህን መስኮቱን ክፈት በለው" ትያለሽ። እዚህ ላይ ሳልፈልግ ሳቅሁ። ገና አፉን ያልፈታ ልጅ መልእክተኛ አድርገሽው ከርመሻል!

ቢሊሴ ግን አልሳቀችም። ባለቤቷ አንቺን ባሕር ለማሳየት የአንድ ቀን ጉዞ አቅዶ ኖሯል። ዕቅዱን ጽፎ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈው። አንቺ ግን "ጉልበቴን ያመኛል፣ እናንተ ሂዱ" አልሽ። ጉልበትሽን ቢያምሽም ዘወትር እሑድ የአፓርታማውን ደረጃ ያለ አሳንሰር እንደምትወርጂ ያውቃሉና አላመኑሽም። ያን ጊዜ አማችሽ ለሚስቱ እንዲህ አላት፦ "እናትሽ እኔ ባልኖር ትሄድ ነበር። እኔ ልቅርና ሦስታችሁ ሂዱ።" በሚቀጥለው ዓመት ሮብሳንን ይዘው ጊንጪ ሊመጡ የነበረውንም ነገር ተወው። በገዛ ቤቷ ገብቼ ከማስጨንቃት ብቀር ይሻላል አለ። ጂቱ፣ ነገሩ እዚህ ድረስ ደርሷል። አንቺ አፍረሽ ዝም ባልሽ ቁጥር የልጅ ልጅሽ የጊንጪን ደጅ ሳይረግጥ ሊያድግ ነው።

እኔስ ወዲያው ገባኝ። የጠላሽው መስሏቸዋል እንጂ አንቺ ለዚያ ሰው እናታችን ያስተማረችንን ክብር ሳታጓድዪ ስትሰጪው ከርመሻል። አማት ከአማቿ ፊት አትበላም፣ ስሙን አትጠራም፣ ባዶ እግሯን አታሳየውም። ቢሊሴ ከየት አይታ ትወቀው? አባቷ የሞተው እሷ ሳትራመድ ነው፤ ያደገችው አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ አማትና አማች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲተላለፉ አላየችም። ባሕሩን እምቢ ያልሽበትም ምክንያት ይኸው መሆኑን አውቃለሁ። ባሕር ዳር የሄደ ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ ቀሚሱን ይሰበስባል፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል። ይህን በአማችሽ ፊት ከማድረግ ባሕር ሳታዪ መመለስን መረጥሽ። ለዚህ ለዚህ አከበርኩሽ እንጂ አልተቆጣሁሽም። የሰው አገር ሄደሽ፣ ማንም ሳያይሽ፣ ማንም ሳያስገድድሽ የእናትሽን ሥርዓት መጠበቅ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ አላየሽውም፤ ቀሪውን እኔ ነኝ የማውቀው። አንቺ ባኮ በነበርሽበት ጊዜ፣ እኔና ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ዘሩባቤል እናታችንን ይዘን ከወንዝ ማዶ ወዳለ ልቅሶ ሄደን ነበር። ስንሄድ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። ስንመለስ ከላይ ዘንቦ ኖሮ ጉልበት አለፈ፤ እኛም ላይ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ድልድይ የለም። እናታችን ውሃውን አየች፣ ዘሩባቤልን አየች፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና "እስኪጎድል እዚህ አድራለሁ" አለች። እኔ አዲስ የተመረቅሁ አስተማሪ ነበርኩና "እማዬ፣ ጨዋነትሽን ጅብ አያውቅልሽም" አልኳት። "ጅቡ አማቼ አይደለም" ብላኝ አፌን ዘጋች።

ዘሩባቤል ወደ ውሃው ዳር ወረደ። ሱሪውን ሰብስቦ ብቻውን ተሻገረ። ማዶ እንደደረሰ ጀርባውን ሰጠን፤ ያንን ትልቅ ጥቁር ጃንጥላውን ዘረጋና ትከሻው ላይ አስደግፎ ወደ ኋላ ጣለው። ከራሱ እስከ ወገቡ ተሸፈነ፤ ዞር ቢልም እንኳ አያይም። ዝናቡ ግን ከፊቱ ይመታው ነበር። በዚያ ዶፍ ጃንጥላ ይዞ ፊቱና ደረቱ እየራሰ ንቅንቅ ሳይል ቆመ። እናታችን ትንሽ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ እጄን ይዛ ተሻገረች። ማዶ ደርሳ ቀሚሷን ለቀቀች፣ ጨመቀች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ከወንዙ ዳር አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ነቀለች፤ በጃንጥላው ዙሪያ ዞራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች፣ ሣሩን እጁ ላይ አኖረችለት። "ገላቶሚ፣ ኢልማ ኮ" አለችው፤ አመሰግናለሁ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላም እስክትሞት ድረስ ስሙን አልጠራችም፣ ከፊቱም አልበላችም። ነገር ግን በታመመች ጊዜ አልጋዋን ማን ይሸከም ሲሉ "ልጄ ይምጣ" ያለችው እሱን ነው።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ቢሊሴን ባሏን በቪዲዮ እንድታገናኘኝ አዘዝኳት። ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ፤ ለእኔም እኮ አማቼ ነው። ደረቱን አስተካክሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሊፈተን እንደመጣ ሰው ቀረበ። ሥርዓታችንን ነገርኩት፤ የወንዙንም ታሪክ እስከ ጃንጥላው ድረስ አወራሁለት። ቢሊሴ ስትተረጉም አላቋረጣትም። እንደጨረሰች አንዱን ክፍል እንድትደግምለት ጠየቃት፣ ደገመችለት። ከዚያም የራሱን አገር ልማድ ነገረኝ። በድሮው ወግ አማች ሲመጣ አማት እንቁላል የምትጥል ዶሮዋን ሳትሳሳ ታርድለታለች፤ አጠገቡ ተቀምጣም "ብላ እንጂ፣ ብላ" ትለዋለች። እሱ ደግሞ እናቱን በልጅነቱ ያጣ ነውና አንቺ መጥተሽ አጠገቡ ተቀምጠሽ "ብላ" እስክትዪው ሲጠብቅ ነበር። አንቺ ለክብሩ ብለሽ ሳህንሽን ይዘሽ ስትነሺ፣ እሱ ፊት የነሣሽው ይመስለው ነበር። ሁለታችሁም በየአገራችሁ ወግ እንከን የላችሁም። የተጎዳችሁትም በዚሁ ነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ከተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። "ጃንጥላው የግድ ጥቁር መሆን አለበት?" አለ። መልስ ከመስጠቴ በፊት መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ነበረብኝ። ሰፊ ይሁን እንጂ ቀለሙ አያስጨንቅም አልኩት።

ከዚያ በኋላ ዕቅዱን አሳየኝ። ጂቱ፣ የዚህን ሰው አሠራር ብታይው! ከተማው ፖሃንግ ይባላል፤ በምሥራቅ በኩል ባሕር ላይ ያለ ነው። በአሮጌው አትላሴ ላይ በማጉያ መነጽር ፈልጌ አገኘሁት። ቀኑን ቅዳሜ ሐምሌ 26 ያደረገው ቢሊሴ የፍልሰታን መግቢያ ስለነገረችው ነው፤ ጾም ከያዝሽ በኋላ እንዳይሆንብሽ ብሎ ብቸኛዋን የዕረፍት ቀኑን ከአለቃው ለምኖ ለውጦ አገኘ። አንቺን ከመውሰዱ በፊት ደግሞ ብቻውን ሄዶ መንገዱን ረግጦታል። እኔም ተማሪዎቼን ወደ ደንዲ ሐይቅ ስወስድ አስቀድሜ ሄጄ ቁልቁለቱን ሳላይ አንድ ልጅ አላስነሣም ነበር፤ ስለዚህ የዚህን ዋጋ አውቃለሁ። በባቡር ጣቢያው አሳንሰር የቱ ጋ እንዳለ፣ የትኛው መንገድ ላይ ጥላ እንዳለ፣ አንድ ሽማግሌ ሳይደክም የቱ ጋ አረፍ ሊል እንደሚችል ጽፎታል። ዋናተኞች ልብሳቸውን ጥለው የሚጋፉበትን ዳርቻ ትቶ፣ በጠዋት ጸጥ የሚለውን ጫፍ መርጦልሻል። ባሕሩ ውስጥ የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ሰቀላ አለ፤ ድልድይ ስላለው እግር ሳይርስ ባሕር ላይ ይኬዳል። መጀመሪያ እዚያ ወስዶ ዓይንሽን ሊያለማምድልሽ ነው ያሰበው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ አንድ የምድር ጫፍ ትሄዳላችሁ። እዚያ ከብረት የተሠራ ታላቅ እጅ ከባሕሩ ውስጥ ወደ ሰማይ ወጥቷል፤ ሌላው እጅ ምድር ላይ ሆኖ ይመለከተዋል። ፎቶውን ልኮልኛል። ሳይነካኩ፣ በመካከላቸው ውሃና አሸዋ ሆኖ፣ ፊት ለፊት ተዘርግተዋል። ሳየው አንቺና እሱ ትዝ አላችሁኝ፤ ይህን ግን ለእሱ አልነገርኩትም።

ዕቅዱን እንደ ተማሪ ደብተር አረምኩት። ከአሥር ዘጠኝ ሰጠሁት። አንዱን ያጎደልኩበት በምሳው ነው፤ ዝቅ ባለ ገበታ ዙሪያ ፊት ለፊት አስቀምጧችሁ ነበር። እንዲህ ከሆነ እህቴ ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም አልኩት። ደነገጠ፣ ወዲያው ሰረዘው። አንድ ምግብ ቤት በመስኮቱ በኩል ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ የሚቀመጥበት ረጅም ወንበር አለው፤ ያንን አስያዘ። አንቺ ከዳር፣ ቀጥሎ ቢሊሴ፣ ከዚያ ሮብሳን፣ እሱ ከወዲያኛው ዳር። ሁላችሁም የምታዩት ባሕሩን ነው፤ ማንም ማንንም ሲበላ አያይም። ያንን ብዙ እግር ያለውን የባሕር ፍጥረት እንዳያዝዙብሽም አስጠንቅቄያለሁ። በበጋ ሙቀት ትኩስ የዶሮ መረቅ መጠጣት የአገራቸው ልማድ ነው አሉ፤ ሙቀትን በሙቀት ያወጣሉ። እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር አዝዝሻለሁ። ዶሮውን ለእሱ የምታዝዢው አንቺ ሁኚ። ሂሳቡን ማንም ይክፈል፣ ትእዛዙ ግን ካንቺ አፍ ይውጣ። እንደ ልማድሽ በሮብሳን በኩል "አባትህን ብላ በለው" ብትዪም ይበቃል፤ ይገባዋል።

አሁን የአንቺን ድርሻ ልጻፍልሽ። እሱ የገዛልሽን ጫማ አድርጊ። ጠርዙ ሰፊ የሆነውን ቀሚስ ልበሺ፤ ጠባቡ ውሃ ሲነካው እግር ላይ ይጣበቃል። ፎጣ ያዢ። የምትለብሺው ነጠላ ቀለል ያለው ይሁን፤ የዚያ አገር በጋ ነፋስ የለውም፣ ያፍናል ብላኛለች ቢሊሴ። አሸዋው ላይ ስትደርሱ እሱ ከፊት ይሄዳል። ውሃው ዳር ቆሞ ጀርባውን ይሰጥሻል፣ ጃንጥላውንም ወደ ኋላ ይዘረጋል። አታጣድፏት ብያቸዋለሁና ቢሊሴም እጅሽን አትጎትትም። ጫማሽን ሲያሰኝሽ አውልቂ። ከዚያ እህቴ፣ ግቢ።

እስኪ አስቢው፤ ለስንቱ ልጅ ይህ ባሕር ነው፣ ይህ ወደብ ነው እያልኩ በበትር ሰማያዊውን ቀለም ሳሳይ ኖሬያለሁ። ማዕበል ማለት በነፋስ ኃይል የሚነሣ የውሃ እንቅስቃሴ ነው ብዬ አስጽፌያለሁ። ባሕርን ግን አይቼው አላውቅም። አንቺ በልጅነትሽ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስታንቀላፊ የነበርሽው እግርሽን ልትነክሪበት ነው። ስለዚህ በደንብ እዪልኝ። ድምፁ እንደ ሁሉቃ ሙላት ያለማቋረጥ ነው ወይስ እየመጣ የሚመለስ? ሲመለስ አሸዋውን ከእግር ሥር ይስባል ይላሉ፤ እውነት ነው? በጣትሽ ነክተሽ ቅመሺው፤ ጨውነቱ እንደ ወጥ ነው ወይስ እንደ አሞሌ? ከአምቦ ውሃ ጋር አወዳድሪልኝ። ዝም ብለሽ "ትልቅ ነው" ብትዪኝ አልቀበልም፤ ትልቅነቱን እኔም ካርታ ላይ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሣሩን ነገር ለአማችሽም ለቢሊሴም አልነገርኳቸውም። ታሪኩን ጃንጥላው ላይ ያቆምኩት ሆን ብዬ ነው፤ ቀሪው ያንቺ ነው። አሸዋ ላይ ሣር ስለማይገኝ እዚያ ደርሰሽ እንዳትቸገሪ፣ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ከአፓርታማው ግቢ አንድ ጭብጥ ንቀዪ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊው። ቀኑ ሞቃት ስለሆነ ባቡሩ ላይ ጨርቁን አንድ ጊዜ አርሺው። ከውሃው ስትወጪ ቀሚስሽን ልቀቂ፣ ነጠላሽን አስተካክዪ። ከዚያ እናታችን እንዳደረገችው በጃንጥላው ዙሪያ ዙሪ። ዓይኑን ማየት የለብሽም፣ ስሙንም መጥራት የለብሽም። ሣሩን እጁ ላይ አኑሪ። የምትዪውን ታውቂዋለሽ። ይህን ግን በሮብሳን በኩል እንዳትልኪው፤ በገዛ አፍሽ በዪው።

በይ እንግዲህ፣ ለልጃችን ለቢሊሴ ብዙ ናፍቆቴን ንገሪያት፤ ማልቀሷን ትታ ያንን ረጅም ወንበር ሌላ ሰው እንዳይዘው በጊዜ ታረጋግጥ። ለሮብሳን ሁለቱን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ያለ ደመወዝ ያገለገለበት የመልእክተኛነት ሥራ ሊቀልለት ነውና ደስ ይበለው። ሃዋኒ ይህን ፎቶ እያነሣች "እቴቴ ጂቱን ሳሚልኝ" ትላለች። ቀጀላና ቤተሰቡም ሰላም ይሉሻል፣ ስም የሌላትም ጥጃ እንዲሁ። ለአማችሽም ክብረት ይስጥልኝ በዪልኝ። ስሙን እዚህ ወረቀት ላይ አንድም ቦታ አለመጻፌን አስተውለሽ ይሆናል፤ እኔም የእናታችን የጋዲሴ ልጅ ነኝ። ሲመጣ ግን ከጊንጪ አውቶቡስ መውረጃ ጀምሮ እርጥብ ሣር ይዤ እጠብቀዋለሁ፤ ኢልማ ኮ ለማለት ከእኔ ቀድመሽ ተገኚ።

እህትሽ ሸዋነሽ
አምቦ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.